ኮምፒውተሩ የጠማው በረዶ ሳይሆን አየር ነው፦ ከድሬዳዋ የተጻፈ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በስልኬ ሦስት ሰው ላከልኝ። አንዷ ደንበኛዬ «ይሄ ነገር እውነት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሌላው ደንበኛዬ ግን አልጠየቀም። ምክሩን ሞክሮት ኮምፒውተሩን ተሸክሞ መጣ። ከማዘርቦርዱ፣ ማለትም ሌሎቹ ክፍሎች ሁሉ ከሚሰኩበት ዋናው ቦርድ ላይ፣ ውሃ እየጠረግኩ ሳለ ነው መልስ ለመጻፍ የወሰንኩት።

ጽሑፉ ዴስክቶፕ ኮምፒውተርን ከሙቀት ስለመጠበቅ ነው። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። ቆላ አገር ያለ ኤሲ ኮምፒውተር ማስቀመጥ ገንዘብ መጣል ነው። ኤሲ የሌለው የጎን ክዳኑን ይክፈትና ቬንትሌተር ያዙርበት። ሙቀቱ ሲብስ የበረዶ ጠርሙስ በእርጥብ ፎጣ ጠቅልሎ ሳጥኑ ላይ ያስቀምጥ። አቧራውን ጎሚስታ ቤት ወስዶ ያስነፋ። የፕሮሰሰሩ (ሥራውን ሁሉ የሚያስላው ዋናው ቺፕ) ቅባት ከደረቀ በጥርስ ሳሙና ይተካ። ሳጥኑን ከጠረጴዛ ወደ መሬት ያውርድ። ፕሮሰሰሩ ከ60 ዲግሪ፣ ሀርድ ዲስኩ ከ40 ዲግሪ ካለፈ ይቃጠላልና ወዲያው ያጥፋ። ደጋ ያለ ሰው ግን ይህ ሁሉ አይመለከተውም።

ጸሐፊው በጎ አስበው እንደጻፉ አልጠራጠርም። እኔም ድሬዳዋ ውስጥ ኮምፒውተር ስጠግን 14 ዓመት ሆኖኛል። ግንቦትና ሰኔ ሥራ የሚበዛብኝ ወራት ናቸው። ያየሁትን ልናገር።

ከኤሲው ልጀምር። የኮምፒውተር ፋን ብርድ አይፈጥርም። የክፍሉን አየር ስቦ በትኩሱ ብረት መሀል ያሳልፈዋል፤ የሞቀውን በኋላ በኩል ያስወጣዋል። ሥራው ይኸው ነው። ስለዚህ ውስጥ ያለው ዕቃ ሁልጊዜ ከክፍሉ የበለጠ ይሞቃል። ክፍሉ አምስት ዲግሪ ሲጨምር ፕሮሰሰሩም አምስት ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። 23 ዲግሪ ከሆነ የአዲስ አበባ ክፍል ወደ 35 ዲግሪ የድሬዳዋ ክፍል የመጣ ኮምፒውተር፣ በአገሩ ሙቀት ምክንያት የሚጨምረው 12 ዲግሪ ገደማ ነው። በአቧራ የተደፈነ ሂት ሲንክ (ፕሮሰሰሩ ላይ ተቀምጦ ሙቀቱን የሚቀበለው ባለ ክንፍ ብረት) ግን ብቻውን ከዚያ እጥፍ በላይ ሊጨምር ይችላል። ጸሐፊው ያዩት ፀሐይዋን ነው። እኔ ካቻቢቴ ይዤ ስከፍተው የማየው ግን አቧራውን ነው።

አንድ ነገር ግን ልመንላቸው። ብዙ የቢሮ ዴስክቶፖች የሥራ ሙቀት ወሰናቸው 35 ዲግሪ ተብሎ ተጽፏል። የኤችፒ የቢሮ ኮምፒውተሮች መግለጫ ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ መስመር አለ። ከባሕር ጠለል በላይ በየ300 ሜትሩ ከዚያ ወሰን አንድ ዲግሪ ቀንሱ ይላል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ለእኛ ወሰኑ 31 ዲግሪ ይሆናል ማለት ነው። ግንቦት ውስጥ ቤታችን ከዚያ በላይ ነው። ታዲያ እንዴት ይሠራሉ? ወሰኑ የተቀመጠው ኮምፒውተሩ በሙሉ አቅሙ እየለፋም እንዳይቸገር ታስቦ ነው። ደብዳቤ የሚጽፍና ሂሳብ የሚመዘግብ ኮምፒውተር ግን አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈቶ ነው የሚውለው። ሙቀቱን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ትርፍ አቅሙ ጠባብ ነው። ያቺን ጠባብ ትርፍ አቧራ ከበላት ያልቃል።

ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ ትምህርት ቤት ጠራኝ። ሃያ ኮምፒውተር ያለበት ክፍል ነው። በየቀኑ ከስምንት ሰዓት በኋላ ኮምፒውተሮቹ አንድ በአንድ ይጠፋሉ። አስተዳደሩ ሁለት ኤሲ ለመግዛት ዋጋ አስጠይቆ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ስገባ መስኮቶቹ ዝግ ናቸው፤ ወፍራም መጋረጃ ተጋርዶባቸዋል። ሳጥኖቹ በሙሉ ጀርባቸው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል።

እስቲ እናስላው። አንድ የቢሮ ኮምፒውተር ከነሞኒተሩ ወደ 100 ዋት ይወስዳል እንበል። የወሰደው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል በሙሉ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። የተቀመጠ ሰው አካልም 100 ዋት ገደማ ሙቀት ይሰጣል። ሃያ ኮምፒውተርና ሃያ ተማሪ ማለት 4,000 ዋት ነው። አንድ የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድም የሚወስደው ወደዚያው ነው። በር ዘግቶ፣ መጋረጃ ጋርዶ፣ ቀኑን ሙሉ ምጣድ ጥዶ መማር ማለት ነው እንግዲህ።

ከአንድ ረዳት ጋር ሁለት ቀን ፈጀብን። እያንዳንዱን ሳጥን ከፍተን አጸዳን። በፋኑና በሂት ሲንኩ መሀል ያለው አቧራ እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ በአንድ ቁራጭ ነበር የሚነሳው። ሳጥኖቹን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አራቅናቸው። ከላይ ያሉትን የመስኮት መስታወቶች በወንፊት ሽቦ ተክተን ለአየር ክፍት አደረግናቸው። በዚያ የሙቀት ወቅት አንዱም ኮምፒውተር በሙቀት አልጠፋም። ኤሲው አልተገዛም።

የተገላቢጦሹንም አይቻለሁ። ኤሲ ያለበት ቀዝቃዛ ቢሮ ውስጥ አንድ ኮምፒውተር በየቀኑ ይጠፋ ነበር። ያስቀመጡት በር ባለው የኮምፒውተር ጠረጴዛ ውስጥ ነው። በሩ ይዘጋል። ኮምፒውተሩ ያስወጣውን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል። በዚያ ላይ ዳንቴል ተደርጎበታል። ቤትን ማስዋብ ደስ ይላል፤ እናቴም ቴሌቪዥኑን ታለብሰዋለች። የሚሠራ ኮምፒውተር ላይ ግን ዳንቴልም ፕላስቲክም አይደረግም። ሲጠፋና ሲበርድ ይሸፈን።

ኤሲ ያላችሁ ተጠቀሙበት፤ ለሰውም ጥሩ ነው። እኔ የምቃወመው «ያለ እሱ አይሆንም» የሚለውን ነው። ያ አባባል አንድ ትንሽ ፎቶ ኮፒ ቤት መክፈት የሚፈልግ የሠመራ ወይም የመተማ ወጣትን ተስፋ ያስቆርጣል።

ወደ ክዳኑ ልሂድ። የጎን ክዳን መክፈት አንዳንዴ ሙቀት ይቀንሳል። ይህን አልክድም። ነገር ግን ለምን እንደቀነሰ መጠየቅ አለብን። በደንብ የተሠራ ሳጥን ከፊት አየር ይስባል፤ አየሩ ዲስኩን፣ ፕሮሰሰሩን እየነካ በጀርባ ይወጣል። ክዳኑ ሲከፈት ይህ መንገድ ይሰበራል። አየሩ በአቋራጭ ይገባና ፊት ያለውን ዲስክ ሳይነካው ይወጣል። ስለዚህ ክዳኑን ስትከፍቱ የፕሮሰሰሩ ሙቀት በጣም ከወረደ፣ የፊቱ መግቢያ ተደፍኗል ማለት ነው። ክዳን መክፈት ለእኔ መመርመሪያ ነው። ግማሽ ሰዓት ዘግቼ እለካለሁ፤ ግማሽ ሰዓት ከፍቼ እለካለሁ። ልዩነቱ የት እንደታፈነ ይነግረኛል። ከዚያ አጽድቼ እዘጋዋለሁ።

ክፍት ትቶ መኖር ግን ሌላ ነገር ነው። የደቻቱ ወንዝ ሲደርቅ አሸዋው በነፋስ ምን እንደሚያደርግ የእኛ ከተማ ሰው ያውቃል። በዚያ ላይ ቬንትሌተር ሲዞርበት የቤቱን አቧራ በሙሉ ማዘርቦርዱ ላይ መርጨት ነው። በረሮ ይገባል። እንሽላሊት ይገባል፤ ተቃጥላ ደርቃ ያገኘኋት ብዙ ናት። የሕፃን ጣት መኖሩንም አትርሱ። ቬንትሌተር ካላችሁ ከሳጥኑ ጀርባ የሚወጣውን ትኩስ አየር ጠርጎ እንዲወስድ በጎን አዙሩት። ለእናንተም ይነፍሳል፤ እሱንም ይጠቅማል።

ፋን ስለመጨመር ጽሑፉ አንድ መስመር አለው፤ «በበዛ ቁጥር ይሻላል» ይላል። እዚህ ድሬዳዋ ታይዋን በሚባለው ገበያ ፋን ርካሽ ስለሆነ ብዙ ሰው ይገዛል። ችግሩ አቅጣጫው ነው። ሁለት ፋኖች ፊት ለፊት ከተፋጠጡ አንዱ የሌላውን ሥራ ያበላሻል። አንዲት ቁራጭ ሶፍት ፋኑ አጠገብ ያዙ። ከተሳበች ያ ፋን አየር ያስገባል፤ ከተገፋች ያስወጣል። ከፊት መግቢያ፣ ከኋላ መውጫ መሆን አለበት።

አሁን ወደ በረዶው። እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። ከፍሪጅ የወጣ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ብታስቀምጡ ምን ይሆናል? በደቂቃዎች ውስጥ ላብ ያልበዋል። ያ ውሃ ከጠርሙሱ ውስጥ አልወጣም። ከአየሩ ነው የመጣው። አየር ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ የያዘውን እርጥበት ይተዋል። በእኛ ደረቅ አየር እንኳ ይሆናል። ጅቡቲ ወይም ጂዳ ወይም ዱባይ ላላችሁ ደግሞ ይብሳል፤ እዚያ አየሩ በባሕር እርጥበት የተሞላ ነው። ሳጥኑ ላይ ያስቀመጣችሁት በረዶ ብረቱን ያቀዘቅዘዋል፤ ብረቱ ያልበዋል፤ ውሃው ባገኘው ቀዳዳ ይወርዳል። ፎጣው ደግሞ ከላይ ያለውን መተንፈሻ ይደፍነዋል። ጥቅሙስ? ፕሮሰሰሩ ከክዳኑ ብረት ጋር አይነካካም። ክዳኑን ማቀዝቀዝ ለእሱ እዚህ ግባ የሚባል ነገር አይደለም።

መጀመሪያ የነገርኳችሁ ደንበኛዬ ላይ የደረሰው ይህ ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ የሱቁ የሁለት ዓመት ሂሳብ ነበረበት። ዲስኩን አተረፍንለት። ማዘርቦርዱ ግን አልተረፈም።

ውሃን መጠቀም የሚቻልበት መንገድ አለ፤ አያቶቻችን ያውቁታል። ደረቅ አየር ባለበት አገር መስኮት ላይ እርጥብ ጆንያ መስቀል ወይም ደጁን ውሃ መርጨት ክፍሉን ያቀዘቅዛል። ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ያ ለክፍሉ ነው። ለሳጥኑ አይደለም። ባሕር ዳርቻ ደግሞ አየሩ ቀድሞ ስለጠገበ አይሠራም።

ጎሚስታው ሁለተኛው ትልቅ ስህተት ነው። ብዙ ሰው የሚያደርገው ስለሆነም ያሳስበኛል። አየር ሲጨመቅ እርጥበቱ ውሃ ሆኖ ታንኩ ሥር ይጠራቀማል። ከኮምፕረሰሩም ትንሽ ዘይት ይቀላቀላል። ለጎማ ምንም አይደለም። ለማዘርቦርድ ግን ጠንቅ ነው። ፋኑ ደግሞ በዚያ ግፊት ከተሠራበት ፍጥነት በላይ ይሽከረከራል። ኩሽኔታው ይጎዳል፤ እንደ ዲናሞም ኤሌክትሪክ አመንጭቶ ወደ ቦርዱ መላክ ይችላል። ሰዎች «ከጎሚስታ ከመጣ ወዲህ ይጮሃል» ብለው የሚያመጡልኝ ፋን በአብዛኛው ይህ የደረሰበት ነው።

እንዲህ አድርጉ። ገመዱን ንቀሉ። ከነቀላችሁ በኋላ የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ተጫኑ። ሳጥኑን ወደ ደጅ አውጡ። የሳጥኑን ባዶ ብረት በእጃችሁ ንኩ፤ ሰውነታችሁ ላይ ያለ ስታቲክ ኤሌክትሪክ እንዲወርድ። ደረቅ የቀለም ብሩሽ ይበቃል። ፋኑን በጣታችሁ ያዙና ክንፎቹን አንድ በአንድ ጥረጉ። የሚቻላችሁ ከሆነ ፋኑን ከሂት ሲንኩ ላይ ፍቱት፤ ዋናው አቧራ ከሥሩ ነው ያለው። ትንሽ የእጅ ብሎወር ካላችሁ ከርቀት ንፉበት። ፓወር ሰፕላዩን (የኤሌክትሪክ ገመዱ የሚሰካበትን የብረት ሳጥን) ግን አትክፈቱ። ገመዱ ተነቅሎም ውስጡ ያሉት ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ካፓሲተሮች ከ300 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። እሱን ከውጭ ብቻ ንፉት። ድሬዳዋ በየሦስት ወሩ፣ አቧራ በማይበዛበት ቦታ በየስድስት ወሩ ብታደርጉት ይበቃል።

የጥርስ ሳሙናው ጉዳይ አጭር ነው። ለጥቂት ቀን ይሠራል፤ ከዚያ ይደርቃል፤ ከበፊቱ ይብሳል። የቅባቱ ሥራ በፕሮሰሰሩና በሂት ሲንኩ መሀል ያለውን በዓይን የማይታይ ክፍተት መሙላት ነው። የአተር ፍሬ ታክል በቂ ናት። አሮጌውን በአልኮል ጥረጉ፤ ሲደርቅ አዲሱን አድርጉ። ፈሳሽ ብረት የሚባለውን ዓይነት ግን አሉሚኒየም ሂት ሲንክ ላይ አታድርጉ፤ ውስጡ ያለው ጋሊየም አሉሚኒየሙን ይበላዋል።

መሬት ላይ ስለማስቀመጥም ብዙ አልልም። ቀዝቃዛ አየር ታች ነው፤ እውነት ነው። ግን አቧራውም ታች ነው። መጥረጊያው ሲያልፍ የሚነሳውን ማን ይስበዋል? ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ይበል።

«ከ60 ዲግሪ ካለፈ ይቃጠላል» የሚለው ግን ሰው ስላስደነገጠ በደንብ ልመልሰው። በነገራችን ላይ ብዙዎቻችን ሲፒዩ የምንለው ሳጥኑን ነው። እኔ እዚህ የማወራው ስለ ቺፑ፣ ስለ ፕሮሰሰሩ ነው። በሥራ ላይ ያለ ፕሮሰሰር 70 ወይም 80 ዲግሪ ቢደርስ አደጋ የለውም። አብዛኞቹ የኢንቴል ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ወሰናቸው 100 ዲግሪ ገደማ ነው። የቅርብ ጊዜዎቹ የኤኤምዲ ራይዘን 90 ወይም 95 ነው። እዚያ ሲደርሱም ወዲያው አይቃጠሉም። መጀመሪያ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ካልበቃ ራሳቸውን ያጠፋሉ።

ይህን ማወቅ ገንዘብ ያድናል። «ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሬ ይንቀራፈፋል፤ ቫይረስ ነው» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ጠዋት ደህና ነው። ማታም ደህና ነው። ከሰዓት ብቻ ነው የሚያመው። ቫይረስ ሰዓት አይቶ አይመጣም። በአንድ ግንቦት ሦስት ጊዜ ፎርማት ያስደረገ ሰው አውቃለሁ፤ ሦስቴም ከፍሏል። የታፈነው ሂት ሲንክ ነበር። ኮር ቴምፕ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫኑና ራሳችሁ እዩት። ዊንዶውስ ውስጥ ደግሞ አንድ ጥሩ ነገር አለ። ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ገብታችሁ «ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት» የሚለውን ከ100 ወደ 99 ዝቅ አድርጉት። ፕሮሰሰሩ ከመደበኛ ፍጥነቱ በላይ መሮጡን ይተዋል። ለቢሮ ሥራ ልዩነቱን አትለዩትም፤ ሙቀቱ ግን በግልጽ ይወርዳል። አንድ ብር አያስወጣም።

የሀርድ ዲስኩም 40 ዲግሪ እንዲሁ ነው። የብዙ ዲስኮች የሥራ ወሰን 60 ዲግሪ ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2007 ከ100,000 በላይ ዲስኮቹን ተመልክቶ ያወጣው ጥናት፣ ሙቀትና ብልሽት ሰው እንደሚያስበው የተጣበቁ እንዳልሆኑ አሳይቷል። ተጽዕኖው የታየው በጣም ከፍ ያለ ሙቀት ላይና ባረጁት ዲስኮች ላይ ነው። ስለዚህ 45 ዲግሪ አይታችሁ አትደንግጡ። መጠባበቂያ ቅጂ ግን ያዙ፤ እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነን። ሳጥኑን ፀሐይ አታስመቱ፣ ካልሠራችሁበት አጥፉት ያሉትም ትክክል ነው።

«ደጋ ያለን ሰው አይመለከተውም» ለሚለው መልሱን ቀድሜ ነክቼዋለሁ። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ናት። እዚያ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ይዞራል፤ የሚገፋው አየር ግን ያነሰ ነው። ሙቀት የሚሸከመው ደግሞ አየሩ ነው። በኤችፒው መስመር ካሰላችሁት 35 ላይ ስምንት ይቀነሳል፤ 27 ይሆናል። መጋቢት ውስጥ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮ ሥር ያለች ክፍል ይህን በቀላሉ ታልፋለች። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ «እዚህ ብርድ ነው» ብላ ኮምፒውተሯን አምስት ዓመት ሳትከፍተው ኖራለች። ለፋሲካ ሄጄ ስከፍተው ከድሬዳዋው አይሻልም ነበር።

ጽሑፉ ጨርሶ ያልነካው አንድ ዕቃ አለ፤ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ። በሙቀት ቀድሞ የሚሞተው እሱ ነው። ውስጡ ያለው የሊድ ባትሪ የተሠራው ለ25 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ በየስምንት ወይም አሥር ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል። እኛ ደግሞ ከሳጥኑ ጀርባ፣ ትኩሱ አየር የሚወጣበት ላይ እናስቀምጠዋለን። ስታቢላይዘሩንም እላዩ ላይ እንጭናለን። ከዚያ «በዓመቱ ሞተ፤ ጥራት የለውም» እንላለን። ለብቻው፣ ጥላ ውስጥ፣ ዙሪያው ክፍት ሆኖ ይቀመጥ። ጎኑ አብጦ ካያችሁት አትጠቀሙበት።

ጸሐፊውን አንድ ነገር እለምናለሁ። ሌላው ሁሉ ይቆይ ቢሉም ይቆይ። የበረዶዋን አንቀጽ ግን ዛሬውኑ ያውጡልን። ግንቦት ገና አላለቀም፤ ጽሑፉም አሁንም ከስልክ ወደ ስልክ እየዞረ ነው።